ኮንቴይነሩ ሰርቨር ላይ ይነሳል ይወድቃል፣ ድረሱልኝ!

ሚሚ_ባክኤንድ፦
ሰላም ሰዎች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ደንበኛው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲስተሙን ለአለቆቹ ያሳያል። የሱቅ አፑን በዶከር ነው ያሸግኩት። ኢሜጁ (አፑ ከነ ጓዙ የታሸገበት) እኔ ላፕቶፕ ላይ እንደ ጉድ ይሠራል። ዶከር ሀብ (የኢሜጅ ማከማቻው) ላይ ፑሽ አደረግኩት (ሰቀልኩት)፣ ሰርቨሩም ያለ ችግር ፑል አደረገው (አወረደው)። ራን ስለው ግን ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው) ወዲያው ይሞታል። ሪስታርት ኦልዌይስ ስላልኩት ደግሞ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሎጉ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኤክዜክ ፎርማት ኤረር»። የሠራሁት በዚህ ነው፦
ዶከር ቢዩልድ -ቲ ሚሚ/ሱቅ:ሌተስት .

ኮምፒውተር_ቤት፦
--ኖ-ካሽ (የድሮውን ቢዩልድ እንዳይጠቀም) ጨምርና እንደገና ቢዩልድ አድርገው። ለኔ ሁሌ ይሠራል።

ጋሽ_ኡቡንቱ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይሄን ሌተስት የሚባል ታግ (የኢሜጁን ስሪት መለያ) ተው። በሱ ላይ ደጋግመህ ከገፋህ ነገ ሲበላሽ ወደ ትናንቱ መመለሻ የለህም። እኔ የጊት ኮሚቱን አጭር ቁጥር ነው ታግ የማደርገው፣ የትኛው ኮድ ሰርቨር ላይ እንዳለ በአንድ እይታ አውቃለሁ። ሌላው፣ ፓስወርድ በ--ቢዩልድ-አርግ አስገብተህ ከሆነ ኢሜጁን ያወረደ ሰው ሁሉ ዶከር ሂስትሪ ብሎ ያነበዋል። ለሱ --ሴክሬት የሚባል አለ። የዘንድሮ ልጆች ዶክመንቴሽን አታነቡም።

ሚሚ_ባክኤንድ፦
እህት ነኝ ጋሼ። ምክሩን እቀበላለሁ፣ ግን አሁን እየተቃጠልኩ ነው።

ኤፍቲፒ_ይሻላል፦
ለአንዲት ሱቅ ዶከር ምን ያደርጋል? ፋይሉን በኤፍቲፒ ጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ።

ሌሊት_ዲፕሎይ፦
በኤፍቲፒ ጣል አድርጎ የተኛ ሰው ሌሊት ስንቴ እንደሚቀሰቀስ እሱ ይንገረን ሃሃሃ። ሚሚ፣ ላፕቶፕሽ ማክ ነው? ኤም1፣ ኤም2 ምናምን?

ሚሚ_ባክኤንድ፦
ኤም2 ነው። ምን አገናኘው?

ሌሊት_ዲፕሎይ፦
እሱ ነዋ! የማክሽ ፕሮሰሰር አርም64 ነው። ሰርቨሩ ላይ ዩኔም -ኤም በይ፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት ይነግርሻል። ኤክስ86_64 (ኤኤምዲ64 የሚሉትም እሱኑ ነው) ካለሽ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ዶከር ካልነገርሽው በስተቀር የሚሠራው ላለበት ማሽን ነው። ራን ስትይ ስለ ፕላትፎርም አንድ ዋርኒንግ ሳይጽፍልሽ አይቀርም፣ ማን ያየዋል እንጂ። እንዲህ በይ፦
ዶከር ቢዩልድኤክስ ቢዩልድ --ፕላትፎርም ሊኑክስ/ኤኤምዲ64 -ቲ ሚሚ/ሱቅ:1.0.1 --ፑሽ .
መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ እንዳትረሻት። --ፑሽ ቢዩልዱ እንዳለቀ ቀጥታ ሀብ ላይ ይጭነዋል። መጀመሪያ ላፕቶፕሽ ላይ ልየው ካልሽ በሱ ፈንታ --ሎድ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ የድሮውን ዶከር አርኤም -ኤፍ ሱቅ ብለሽ አጥፊና፦
ዶከር ራን -ዲ --ኔም ሱቅ -ፒ 80:8000 --ኤንቭ-ፋይል .ኤንቭ --ሪስታርት አንለስ-ስቶፕድ ሚሚ/ሱቅ:1.0.1
80 የሰርቨሩ ፖርት ነው፣ 8000 የኮንቴይነሩ። አፑ በሌላ ፖርት ከሆነ የሚሰማው የቀኙን ቀይሪ። ስንቱ ገልብጦት ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ዜሮ_ሌየር፦
ለኤም2 ባለቤቶች በሙሉ፦ ማክ ላይ ለኤኤምዲ64 መሥራት ኢሙሌሽን (ሌላ ፕሮሰሰር መስሎ መሥራት) ስለሆነ ይንቀራፈፋል። ተሰቀለ ብላችሁ ኮንትሮል ሲ እንዳትጫኑ።

ኮምፒውተር_ቤት፦
ግን --ኖ-ካሽ ሞክራለች?

ሌሊት_ዲፕሎይ፦
ኧረ አንተ ሰውዬ በፈጠረህ!

ሚሚ_ባክኤንድ፦
ዩኔም ኤክስ86_64 አለኝ!! ቢዩልዱም አለቀ። አሁን ፑሹ ነው እምቢ ያለው። ከ1 ጊጋ በላይ ነው፣ ኔቱ ደግሞ ይቆራረጣል። እስኪነጋ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ጋሽ_ኡቡንቱ፦
.ዶከርኢግኖር (ኢሜጁ ውስጥ የማይገቡትን ዝርዝር) ጽፈሻል? ካልጻፍሽ ከነ ጊት ፎልደሩ ኢሜጁ ውስጥ ኮፒ አድርገሽው ይሆናል። ቤዙስ (ኢሜጁ የተነሳበት) ምንድን ነው? ሙሉው ፓይተን ከሆነ፣ ስሊም የሚባለው ቀለል ያለው በብዙ እጥፍ ያንሳል።

ዜሮ_ሌየር፦
ጋሼ እውነት ነው፣ ግን ዛሬ ማታ ቤዝ እንዳትነካኪ። ስሊም ላይ ሲ ኮምፓይለር የሚፈልግ ፓኬጅ ካለሽ ሌላ ጣጣ ታመጫለሽ። ከተቆራረጠ ዝም ብለሽ ፑሹን ድገሚው፣ ሙሉ በሙሉ የገቡት ሌየሮች (የኢሜጁ ንብርብሮች) እንደገና አይላኩም።

ኤፍቲፒ_ይሻላል፦
እኔን ስቃችሁብኛል፣ ግን ልናገር። ኮዱ ስንት ሜጋ ነው? ጥቂት። ሰርቨሩ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው፣ ኔቱ ከኛ ሁሉ ይፈጥናል። ኮዱን ብቻ እዛ ጊት ክሎን አድርጊና ዶከር ቢዩልድ -ቲ ሚሚ/ሱቅ:1.0.1 . እዛው በይ። --ፕላትፎርም የለ፣ --ፑሽ የለ፣ ማሽኑ ራሱ ኤኤምዲ64 ነው። ከዚያ ያንኑ ዶከር ራን። .ኤንቭ ፋይሉን (ፓስወርድና ሴቲንግ ያለበትን) ብቻ ለብቻው ላኪው፣ ጊት ውስጥ ስለማይኖር።

ሌሊት_ዲፕሎይ፦
ይሄስ እውነት ነው፣ ለዛሬ ማታ ከኔ ይሻላል። ራሙ ትንሽ ከሆነ ብቻ ቢዩልዱ መሃል ላይ ሊሞትብሽ ይችላል፣ ፍሪ -ኤች ብለሽ እይው።

አዲስ_ገቢ፦
ሚሚ ሰራልሽ? እኔም እዚሁ ላይ ነኝ። የኔ ግን ፑሽ ስል «ዲናይድ» ነው የሚለኝ፣ ዶከር ሎግኢን ብያለሁ። ያልኩት ዶከር ፑሽ ሱቅ:1.0 ነው።

ዜሮ_ሌየር፦
ከፊቱ የሀብ ዩዘርኔምህ የለም። ዶከር ታግ ሱቅ:1.0 ዩዘርኔምህ/ሱቅ:1.0 በልና አዲሱን ስም ፑሽ አድርግ።

ኮምፒውተር_ቤት፦
ከ--ኖ-ካሽ ጋር።