ፖለቲካል ሳይንስ ለመማር ከአሁኑ ምን ላቅድ?

ጥያቄ (ኮዬ ፈጬ)፦ የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማጥናት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር? ስድስት ኪሎ ከደረሰኝስ ከቤት ተመላልሼ እዘልቀዋለሁ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ እንደገባሽ ዲፓርትመንት አትይዢም። አንደኛ ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ሎጂክ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ ትወስጃለሽ። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በዋናነት በዚያ ውጤት ተወዳድሮ ነው። ብዙዎች የሚቀሩት «ሒሳብ ከፖለቲካ ምን አገናኘው» ብለው ስለሚንቁት ነው፤ አንድ «ሲ» (C) አማካይ ውጤትሽን ወደ ታች ይጎትታል።

መልስ 2፦ ላይ ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ስለ መጨረሻው ላሳስብሽ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመመረቅ የሚወሰድ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ። ጥያቄው ከየዓመቱ ኮርስ ስለሚመጣ የንድፈ ሐሳብና የንጽጽር ፖለቲካ ማስታወሻሽን ሴሚስተር ሲያልቅ አትጣይ። የምርምር ዘዴን በደንብ ያልያዘ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይንገዳገዳል። ርዕስም አታስፊ፦ «ፌደራሊዝም በኢትዮጵያ» አማካሪሽን ያስለቅሳል፤ «በኮዬ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ውሳኔ አሰጣጥ» ግን በእግርሽ ሄደሽ መረጃ የምትሰበስቢበት ነው።

መልስ 3፦ መመላለሱ ይቻላል፣ የጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ካለሽ ግን በ12 ሰዓት የትራንስፖርት ሰልፍ ላይ ተገኚ። የምታነቢውን እዚያው ቤተ መጻሕፍት ጨርሰሽ ውጪ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ማንበብ አይታሰብም።