«ተራ ሰው ዝም ብሎ ያልቃል» ለተባለው

የኮረሟ፦ ትናንት ማታ ስለ መጻሕፍት የሚያወራ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት እሰማ ነበር። ጉዳዩ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ ስለሚመጣው ኑሮ የተጻፉ ልቦለዶችና የተሠሩ ፊልሞች ናቸው። እንግዳው ምን ቢል ጥሩ ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ የኑክሌሩን ቁልፍ የሚጫነው ሰው መሆን አለበት አለ። ተራ ሰውማ ታሪክ የለውም፣ «ዝም ብሎ ያልቃል» አለ። ሰሃን እያጠብኩ ነበር፣ ውሃውን ዘግቼ ቀረሁ። ዝም ብሎ! እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔ ደሜ ፈልቷል።

መሐንዲሱ፦ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው ልክ ነው። አነጋገሩ ይሻክር ይሆናል እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነው። ታሪክ ማለት ምርጫ ነው። ቦምብ የወረደበት ሰው ምን ምርጫ አለው? እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ስታኒስላቭ ፔትሮቭ በሶቪየት የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ተረኛ ነበር። መሣሪያው «አሜሪካ ሚሳይል ተኩሳለች» አለው። እሱ ግን የማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ለአለቆቹ አስታወቀ። ስህተትም ነበር። ልቦለድ የሚጻፍለት እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሼፊልድ ያለሁት፦ ወንድሜ፣ እኔ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ነው። ቢቢሲ «ትሬድስ» የተባለውን የኑክሌር ጦርነት ፊልም ያሠራው በዚሁ ከተማ ላይ ነው። ባሪ ሃይንስ ጻፈው፣ ሚክ ጃክሰን አዘጋጀው። ሰው ሽቅብ አንጋጦ የቦምቡን ጭስ የሚያይበት መንገድ ዘ ሙር ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት የምገዛው እዚያ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሩት የምትባል ልጅ አለች። አርግዛለች፣ ከጂሚ ጋር ልትጋባ ነው፣ የሚገቡበትን ቤት እያደሱ ነው። ዜናው ከጀርባ ይወራል፣ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። ከቦምቡ በኋላ ጂሚ ይጠፋል። የወፎች መጽሐፉ ብቻ እሷ እጅ ይቀራል። ልጇን ጋጣ ውስጥ ብቻዋን ትወልዳለች። ያቺን ልጅ ነው ታሪክ የላትም የምትለኝ?

አሁን ደግሞ ስለ ወሳኞቹ ልንገርህ። የከተማው ሹማምንት ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ምድር ቤት ገብተው ስልክና ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ። ሕንፃው ላያቸው ላይ ይፈርሳል። እዚያው ተዘግተው፣ አንድም ሰው ሳያድኑ አለቁ። ዝም ብለው ያለቁት እነሱ ናቸው።

መሐንዲሱ፦ የማዘጋጃ ቤት ሹም ቁልፍ አይጫንም። እኔ የማወራው ስለ እውነተኛ ወሳኝ ነው።

ሼፊልድ ያለሁት፦ ፔትሮቭስ ቁልፍ ይጫን ነበር? ሌተና ኮሎኔል ነው። ደመወዝተኛ፣ ተረኛ። በኋላም ራሱ እንደተናገረው መዝገብ በወቅቱ አልሞላህም ተብሎ ተወቅሷል። ሞስኮ አጠገብ ፍርያዚኖ በምትባል ከተማ በጡረታ ኖሮ በ2017 ሞተ። ከእሱ በላይ ተራ ሰው ከየት ይመጣል?

መሐንዲሱ፦ ሌተና ኮሎኔልን ተራ ሰው ካልን ቃሉ ትርጉም አጣ በለኛ!

ቡና ሰፈር፦ የኮሎኔሉን ማዕረግ ተዉትና ወደ ፊልሞቹ ተመለሱ። እኔ እነዚህን ፊልሞች አልወዳቸውም። «ትሬድስ»ን አይቼ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሰው አይጥ ሲበላ፣ ልጅ ቋንቋ ሲጠፋት ማየት ምን ይጠቅማል? ትንሽ ተስፋ ቢያስገቡበት ምን ነበረበት?

አንባቢ፦ ቡና ሰፈር፣ ያስፈራህ እኮ እውነት ስለሆነ ነው። ተስፋ ከፈለግክ ግን ተስፋ ያለበትን ላሳይህ። ጃፓናዊው ኢቡሴ ማሱጂ «ጥቁር ዝናብ» የሚል ልቦለድ አለው። ነገሩ የሚያጠነጥነው በጋብቻ ላይ ነው። ከሂሮሺማ የተረፈች ልጅ አለች። የሚያገባት ታጣ፣ «ቦምቡ አግኝቷታል» ተብሎ ይወራባታል። አጎቷ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የዚያን ሰሞን ማስታወሻ ይገለብጣል። ልጅቷ ጤነኛ ናት ብሎ ለሽማግሌ ለማስረዳት! ይሄን እኛ ሳይነግሩን እናውቀዋለን። ሽማግሌ ልኮ ስለ ዘር፣ ስለ በሽታ የሚጠይቅ አገር ሰው ነን። መጽሐፉ ውስጥ ፕሬዚዳንት የለም፣ ጄኔራል የለም። አጎት፣ ብዕርና አንዲት ልጅ ናቸው። እኔ ሳነብ ያለቀስኩት ቦምቡ ሲወርድ ሳይሆን እሱ ሲጽፍ ነው።

ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ የወረደው ኦገስት 6 ነው። ኦገስት 9 ላይ የከተማዋ ትራም በአንድ መስመር እንደገና ሄዷል። ሦስት ቀን! ያንን ትራም ያንቀሳቀሰው ማን ነው፣ ወሳኝ ነው?

መሐንዲሱ፦ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ጦርነት አያስቆምም። ካልክስ «ዘ ዴይ አፍተር» የተባለውን የአሜሪካኖቹን ፊልም ጥቀስ። በኖቬምበር 1983 ወደ 100 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ፕሬዚዳንት ሬገን አስቀድሞ አይቶት በጣም እንዳዘነ ማስታወሻው ላይ ጽፏል። ለውጥ ያመጣው ወሳኙ ስላየው ነው።

ሼፊልድ ያለሁት፦ ያየው ግን ስለ ማን ነው? ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ ስለምትባል ከተማ ሐኪምና ገበሬ ነው! ስለ ሌላ ፕሬዚዳንት ቢሆን ያዝን ነበር?

መሐንዲሱ፦ አላውቅም። አንተም አታውቅም።

የኮረሟ፦ እኔ ከዚያች ቃል አልወጣም። «ዝም ብሎ» ነው ያለው። «ትሬድስ» በቢቢሲ የታየው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1984 ነው። በወሩ፣ ኦክቶበር 23፣ ያው ቢቢሲ የጋዜጠኛው የማይክል በርክን የኮረም ረሃብ ዘገባ አሳየ። እንግሊዞቹ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም አዩ። እናቴ በ77 ኮረም ነበረች። ዛሬም ስታወራ ስለ ሞት አይደለም የምታወራው። ማን ማንን ወረፋ እንዳስያዘ ታወራለች። የማን ልጅ ሌሊት እንደሳለ ታወራለች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ አንድ እፍኝ የማሽላ ዘር ቋጥራ ነበር። ልጆቿ ሲርባቸው አልፈታችውም። ማታ ማታ በጣቷ እየዳበሰች ቋጠሮው መኖሩን ታረጋግጥ ነበር። ከመጠለያው ስትመለስ ዘራችው። ይሄ ነው ዝም ብሎ ማለቅ?

ቡና ሰፈር፦ እህቴ፣ የእናትሽን ታሪክ አከብራለሁ። ግን ኮረምን ከፊልም ጋር አንድ ላይ ማንሳት ደስ አላለኝም። ያ እውነተኛ ሕዝብ ነው። ይሄ በሜካፕ የተሠራ ነው።

የኮረሟ፦ የኔ እናት ናት። የት እንደማነሳት እኔ አውቃለሁ።

አንባቢ፦ ቡና ሰፈር፣ ነገሩ የራቀ አይደለም። በ2022 ኔቸር ፉድ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። አሜሪካና ሩሲያ በኑክሌር ቢዋጉ ጥቀርሻው ፀሐይን ይጋርዳል፣ እህል አይበቅልም፣ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊሞት ይችላል ይላል። ብዙውን ሰው የሚገድለው ረሃቡ ነው። «ትሬድስ» ግማሹ ስለ ምንድን ነው? ስለ እህል፣ ስለ ቅዝቃዜ፣ መሬት በእጅ ስለመቆፈር ነው። እዚያ ቀን ከደረስን ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ሳይሆኑ የእሷ እናት ናት የምታውቀው።

ቡና ሰፈር፦ እሺ ይሁን። ግን አሁንም አላየውም።

መሐንዲሱ፦ የኮረሟ፣ አንድ ነገር ልበል፣ ቅር እንዳይልሽ። ዘሩን አለመብላት ምርጫ ነው። ከባድ ምርጫ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ያልኩት ታሪክ ማለት ምርጫ ነው ነው። እናትሽ ወሳኝ ነበሩ። ስለዚህ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው።

ሼፊልድ ያለሁት፦ እንዴ! ሌተና ኮሎኔሉን ተራ ሰው ማለት አይቻልም ብለህ፣ ኮረም ወረፋ የያዘችውን እናት ወሳኝ አደረግካት?

መሐንዲሱ፦ አዎ፣ አደረግኳቸው። ምን ችግር አለው?

የኮረሟ፦ ችግር የለውም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። እንግዲያው «ተራ ሰው ታሪክ አለው» ብለህ ጻፍ።

መሐንዲሱ፦ እሱን አላልኩም። የመረጠ ሰው ታሪክ አለው ነው ያልኩት። የማይመርጥም አለ።

የኮረሟ፦ ማን ነው የማይመርጠው? አንድ ሰው ጥቀስልኝ። ሩት ናት? የትራሙ ነጂ ነው? እናቴ አጠገብ የተኛችው ሴትዮ ብርድ ልብሷን ለማን እንደሰጠች ታውቃለህ?

መሐንዲሱ፦ አላውቅም። ደግሞ «ዝም ብሎ» ያለው የሬዲዮው ሰውዬ እንጂ እኔ አይደለሁም።

የኮረሟ፦ አንተ «ሰውዬው ልክ ነው» ብለሃል። ከላይ ተጽፏል፣ ወጣ ብለህ አንብበው። እሱን አንሳልኝ፣ ሌላውን እንተወዋለን።

መሐንዲሱ፦ «ቃሉ ይሻክራል»ም ብያለሁ። እሱም ተጽፏል።