ያለ ዶፕለር የተጣበቁ መንታዎችን መለየት

ምሥራቅ ጎጃም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባዋን «ከጥምቀት ወዲህ» ከማለት በቀር ቀኑን አታውቀውም፤ በጭን አጥንት ልኬት 24 ሳምንት ገደማ ናት። ያለን ባለ 3.5 ሜጋኸርዝ ኮንቬክስ ፕሮብ (ሆድ ላይ የሚደረግ ጎባጣ መመርመሪያ)፣ ዶፕለር (የደም ፍሰት ማሳያ) የሌለው ጥቁርና ነጭ አልትራሳውንድ ነው።

መንታ ናቸው። የእንግዴ ልጁ አንድ፣ በመካከላቸው መለያ ሽፋን የለም፣ የሽርት ውሃው በዝቷል (ውሃው በጣም በጠለቀበት ቦታ 10 ሳ.ሜ.)። ሁለቱ ጭንቅላት በእኩል ከፍታ ፊት ለፊት ናቸው፤ ልባቸው ለየብቻ ይመታል። ከደረት በታች እስከ እምብርት ግን የቆዳቸው መስመር አልለይ አለኝ፤ ጉበቱም አንድ ይመስላል። በግራም በቀኝም አስተኝቼ፣ ወጣ ብላ እንድትንሸራሸር አድርጌ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ሳይ አቀማመጣቸው ያው ነው። ይህን ያህል ውሃ እያለ አለመራራቃቸው ያጠራጥራል። በሌላ በኩል ፕሮቡ ትንሽ ሲያጋድል ተጠጋግተው የተኙ ልጆች ቆዳም የተያያዘ መስሎ ይታያል። እትብቱ ውስጥ ከተለመደው 3 በላይ የደም ሥር መኖሩን ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ምስሉ አይጠራም።

ሪፈሩ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ቤተሰቡ ለመጓጓዣና ለማረፊያ በሬ ሊሸጥ ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ ማሽን ሆድ ለሆድ መጣበቃቸውን እርግጠኛ ለመሆን ፕሮቡን በየትኛው አቅጣጫ ይዤ ምኑን ልይ?