የሰርፍቦርዴ ሁለት ጠርዞች እኩል አልሆን አሉኝ፤ የሙያው ሰዎች እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርፍቦርድ፣ ማለትም በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ መቅረጽ እየተማርኩ ነው። ቦርዱ የሚቀረጽበትን ፎም በልኩ መቁረጥና ውፍረቱን መቀነስ አላስቸገረኝም። የያዘኝ ጠርዙ ነው።

ጠርዙን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ መላጊያ በሰያፍ፣ ደረጃ በደረጃ እልገዋለሁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ግራው ያምራል፤ ቀኙ ግን ወፈር ብሎ ይቀራል። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራ ጥላው ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። በእጄ ስዳብሰውም ይታወቀኛል።

እኔ የምጠረጥረው አገፋፌን ነው። በአንዱ ጎን ወደ አፍንጫው (ወደ ፊት ጫፉ)፣ በሌላው ወደ ጅራቱ (ወደ ኋላ ጫፉ) ስለምሄድ እጄ እኩል የሚጫን አይመስለኝም። እናንተ የቆያችሁበት፣ ቦርዱን ታዞራላችሁ ወይስ እጅ ትቀይራላችሁ? ቪዲዮ ደግሞ እጅ ምን ያህል እንደሚጫን አያሳይም። የፎም ብናኝ እየጠረግኩም ቢሆን አጠገቡ ቆሜ እንድማር የሚፈቅድልኝ ባለሙያ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።