የነርስ እንክብካቤን ወጪ ከአልጋ ሒሳብ እንዴት ልለይ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ባሕር ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የፋይናንስ ክፍል ነው። የነርሶችን አገልግሎት ወጪ በታካሚ ደረጃ እንዳሰላ ተሰጥቶኝ መሀል መንገድ ላይ ቆሜያለሁ።

እስካሁን የዋርዱን ነርሶች ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደምረን ታካሚዎች ለተኙበት ቀናት እናካፍላለን። በዚህ ስሌት ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደውና ኦክስጅን ላይ ሆኖ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ የሚቀየርለት እኩል ዋጋ ይወጣላቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። የነርሶቹም ድካም በአልጋ ሒሳብ ተውጦ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) እ.ኤ.አ. በ1983 ሆስፒታሎችን በሕመም ምድብ መክፈል ሲጀምር ከተነሱት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ታካሚዎችን በእንክብካቤ ፍላጎታቸው መድቦ ለየምድቡ የነርስ ደቂቃ ማስላት እንደሚሻል ገብቶኛል። ግን ደቂቃውን ከየት ላምጣ? ቻርቱ ላይ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓትና ፊርማ አለ፤ ቁስል ለመጥረግ የፈጀው ጊዜ ግን አይጻፍም። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ የአስታማሚ ጉዳይ ነው። ማጠቡን፣ ማብላቱን፣ ደግፎ ማስነሣቱን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቤተሰብ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ብቻውን ለመጣ ሰው ግን ሁሉም በነርሷ ትከሻ ላይ ነው። ሕመማቸው አንድ፣ የነርስ ጊዜያቸው ግን ለየቅል።

አስታማሚ ያለውንና የሌለውን በተለያየ ምድብ ልያዝ ወይስ አማካይ ልውሰድ? ለሥራ ሰዓት ልኬታ የተጠቀማችሁበት፣ የተረኛ ነርሶችን ሥራ የማያደናቅፍ አጭር ቅጽ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።