በእንግሊዝ የመንጃ ፈቃድ የቲዎሪ ፈተና በቪዲዮው ክፍል ወደቅሁ፤ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ (ከሊድስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ታክሲ ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴ እዚህ መንዳት የምችልበት 12 ወር ስላለቀ ፕሮቪዥናል (የተለማማጅ መንጃ ፈቃድ) አውጥቼ ባለፈው ሳምንት የቲዎሪ ፈተና ተፈተንሁ። ከ50 ጥያቄ 45 መለስሁ፤ ማለፊያው 43 ነው። ሃዛርድ ፐርሰፕሽን በሚባለው፣ በቪዲዮ ላይ አደጋ ሲመጣ ማውሱን በሚጫኑበት ክፍል ግን ከ75 ነጥብ 44 ሲያስፈልግ 38 ብቻ አገኘሁ። ይህን ያህል ዘመን መሪ ይዤ በዚህ መውደቄ በጣም አሳዝኖኛል። አሁን ሁለቱንም ክፍል እንደገና መፈተን አለብኝ?

መልስ (ከማንችስተር)፦
ወንድሜ፣ አዎ፤ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ፈተና ላይ መታለፍ ስላለባቸው 23 ፓውንዱን ከፍለው ሁለቱንም ይደግማሉ። ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ መፈተን ይፈቀዳል፤ እኔ ግን አይቸኩሉ እላለሁ። ብዙ የነዱ ሰዎች በዚህ ክፍል የሚቸገሩት አደጋውን ሳያዩት ቀርተው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከሚፈለገው ቀድመው ስለሚያዩት ነው። ለምሳሌ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ብቻውን ነጥብ አያስገኝም፤ ነጥቡ የሚጀምረው መኪናው ፍሬቻ አብርቶ መውጣት ሲጀምር ሲሆን፣ ከ5 ተነስቶ በዘገዩ ቁጥር ይቀንሳል። ስለዚህ ሲጠረጥሩ አንድ ጊዜ፣ ነገሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጫኑ። ከ14ቱ ቪዲዮዎች በአንዱ ውስጥ ሁለት አደጋ ስላለ የመጀመሪያውን አገኘሁ ብለው አይዘናጉ።

መልስ (ከበርሚንግሃም)፦
ጥያቄዎቹ ስለሚለዋወጡ 45 ማምጣትዎ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሌሎች ቋንቋዎች የድምፅ ትርጉም ስለማይሰጥ፣ እኔን ከመንገዱ ሕግ ይልቅ የፈተነኝ እንግሊዝኛው ነበር። የእግረኛ ማቋረጫዎቹን ዜብራ፣ ፔሊካን፣ ፓፊን፣ ቱካን እያሉ ሲጠሯቸው ግራ ስለገባኝ፣ እያንዳንዱን በደብተር ላይ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ጽፌ አጠናሁ፤ በፔሊካን ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል በመሻገር ላይ ላለ እግረኛ ቅድሚያ መስጠት እንደሚገባ የያዝሁት እንዲያ ነው። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለበትን ምልክትም ልብ ይበሉ፤ የፍጥነት ገደብ ተነሣ ማለት ሳይሆን፣ ለመኪና መካከሉ ባልተከፈለ መንገድ ላይ 60፣ መካከሉ በተከፈለ መንገድ ላይ 70 ማይል በሰዓት ማለት ነው። የመቆሚያ ርቀቱንም በቃል ይያዙ፦ በ30 ማይል 23 ሜትር፣ በ70 ማይል 96 ሜትር።

መልስ (ከለንደን)፦
የፕሮቪዥናል ካርድዎን እንዳይረሱ፤ ያለ እርሱ አያስገቡም፣ ገንዘቡም አይመለስም። የቲዎሪው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ እንዳለፉ የመንገድ ፈተናውን ቀጠሮ ወዲያውኑ ይያዙ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሁለት ጊዜ መጫን እንደ ማጭበርበር አይቆጠርብኝም?

መልስ (ከማንችስተር)፦
አይቆጠርም። ለዚያ ቪዲዮ ዜሮ የሚያሰጠው ያለማቋረጥ መጫን ወይም እንደ ሰዓት ቆጣሪ በእኩል ልዩነት እየደጋገሙ መጫን ነው።