አሮጌ ኮምፒውተሮቻችንን ለትምህርት ቤቶች ከማስረከባችን በፊት፦ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ ለማዘጋጀት የተከፈተ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በልደታ ዙሪያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምንሰጥ ሁላችን፣ ከሥራ ያወጣናቸውን 23 ኮምፒውተሮች በአካባቢያችን ለሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመስጠት መስማማታችን ይታወሳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ብዙዎቻችን ማሽን በመቀየር ላይ ስለሆንን ቁጥሩ ከዚህም ሊጨምር ይችላል። ዝርዝሩን ሳዘጋጅ ግን አንድ ጉዳይ አሳሰበኝ። ማሽኖቹ የእኛ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ግን አብዛኛው የእኛ አይደለም። የፍቺ አቤቱታ፣ የውርስ ክርክር፣ የውክልና ረቂቅ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የቀበሌና የፋይዳ መታወቂያ ስካን፣ ይህ ሁሉ የደንበኞቻችን ነው። ደንበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ከፍሎ ይሄዳል፤ ፋይሉ እኛው ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ በውሳኔ ሐሳባችን ውስጥ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ለውይይት አቀርባለሁ፦ «ማንኛውም አባል ኮምፒውተሩን ከማስረከቡ በፊት በውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ያጠፋል።»

ከአራት ኪሎ አባል፦

ለጸሐፊያችን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ነገር ግን «ያጠፋል» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ምክንያቴን ከራሴ ገጠመኝ ልናገር። ለልጄ ከመርካቶ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ፎርማት ተደርጓል፣ ንጹሕ ነው» ብሎኝ፣ እኔም ከፍቼ ስመለከተው በእርግጥ ባዶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ የትምህርት ቤት ሥራውን በስሕተት ስላጠፋ፣ በነፃ በሚገኝ የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም ዲስኩን አስፈተሽሁት። የልጄን ሥራ ስጠብቅ የማላውቃቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ተመለሱ። ስማቸው ጠፍቷል፤ ሁሉም «ኤፍ» ከሚል ፊደልና ከረጅም ቁጥር በቀር መጠሪያ አልነበራቸውም። ይዘታቸው ግን ሙሉ ነበር። አንዱን ብከፍተው በላዩ «ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት» የሚል ርእስ፣ ከዚያ አመልካች፣ ተጠሪ፣ የቤት ቁጥር፣ የሁለት ልጆች ስምና ዕድሜ፣ በመጨረሻም «በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው ቃል ሰፍሮበታል። ይህን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ማረጋገጫ መስመር በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጽፈው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛው ሙያ ሰው የጻፈው መሆኑን እዚያው ላይ አወቅሁ፤ ከዚያ በላይ ለማንበብ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። የዚያች አመልካች እናት ጉዳይ እኔ ቤት ድረስ የመጣው ማሽኑን የሸጠው ሰው ክፉ ስለነበረ ሳይሆን አጥፍቻለሁ ብሎ ስላመነ ይመስለኛል። ስለዚህ አንቀጹ «እንዴት» እና «ማን አረጋገጠ» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እንዲኖረው እጠይቃለሁ።

ከልደታ አካባቢ አባል፦

እኅታችን የተናገሩት ልብ ይነካል። እንዲህ ከሆነ ዲስኮቹን በሙሉ አውጥተን ማስቀረት አይሻልም? ካልሆነም ዲስኩን 35 ጊዜ ደጋግሞ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ ሲባል ሰምቻለሁና፣ ጊዜ ቢወስድም እርሱን እንድንጠቀም ሐሳብ አቀርባለሁ።

የጥገና ሥራ የሚሠራው አባል፦

ጋሼ ያነሡት ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው፤ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እንድጽፍ ፍቀዱልኝ።

ፋይል ስናጠፋ፣ ሪሳይክል ቢንንም ባዶ ስናደርግ፣ ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚያመለክተውን መዝገብ ነው። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። ፈጣን ፎርማትም ከዚህ አይለይም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉው ፎርማት ዜሮ እየጻፈ ስለሚሄድ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ሌላ ነው። አንዱ ዲስክ ብዙ ጊዜ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ባለሙያው «ሲ»ን ብቻ ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፣ «ዲ» እንዳለ ይተዋል። የደንበኛ ሥራ ደግሞ ሁላችንም የምናስቀምጠው «ዲ» ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ከፍላሽ በሚነሣ ፕሮግራም፣ ዊንዶውስ ሳይከፈት፣ መላውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር የሚመለከት መሆን አለበት። ለዚህ ሽሬድኦኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃናል።

ስለ 35 ጊዜው፦ ቁጥሩ የመጣው የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተመው ጥናት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ለነበሩት የተለያዩ የዲስክ ዓይነቶች ሁሉ እንዲሆን የተሰበሰበ ነበር። ጸሐፊው ራሱ በኋላ ለዘመናዊ ዲስክ 35ቱንም መደጋገም ትርጉም እንደሌለው ገልጿል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያሻሻለው መመሪያም በማግኔት ለሚሠራ ዲስክ አንድ ጊዜ በዜሮ ደርቦ መጻፍ፣ በላቦራቶሪ ቢሞከር እንኳ፣ መረጃውን መልሶ ማግኘትን አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያሰናክል ይናገራል። ባለ 500 ጊጋ ባይት ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋ ባይት ቢጻፍበት አንዱ ዙር 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ 35 ዙር ግን ሁለት ቀን ያልፋል። የእኔ ሐሳብ አንድ ዙር ጽፈን የተረፈውን ጊዜ በማረጋገጥ ላይ እንድናውለው ነው።

ዲስኩን ማውጣትም መፍትሔ ነው፤ ግን ትምህርት ቤቱ ዲስክ መግዛት ይኖርበታል፣ የወጣው ዲስክም ያው መረጃውን ይዞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቆራሌው ይወስደዋል።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገን በዝርዝራችን ባሉት፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ባላቸው ስድስት ላፕቶፖች ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. አንድ ቦታ ብቻ እንዳያረጅ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ያስቀምጣል፤ ለኮምፒውተሩ የማይታይ መጠባበቂያ ቦታም አለው። በላዩ ዜሮ ብንጽፍ አሮጌው ቅጂ በማይታየው ክፍል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ የሚሠራው ዲስኩ ራሱን እንዲያጠፋ በውስጡ የተቀመጠውን ትእዛዝ መስጠት ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ሲነሣ ይህን ትእዛዝ ይቆልፈዋል፤ ማሽኑን አስተኝቶ (ስሊፕ አድርጎ) መልሶ መቀስቀስ ብዙ ጊዜ መቆለፊያውን ይፈታዋል። ትእዛዙንም በጭፍን ማመን አይገባም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ አንዱ ዲስክ «ተፈጽሟል» ብሎ መልስ ሰጥቶ መረጃው ሳይነካ አግኝተውታል። ስለዚህ አስቀድመን መላውን ዲስክ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ወይም በመሰል ፕሮግራም ብንቆልፈው፣ ማለትም ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ብንመሰጥረውና ከዚያ ትእዛዙን ብንሰጥ፣ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይጠብቀናል።

በዝርዝራችን ያሉት የማይነሡ ሁለት ዲስኮች ሊጻፍባቸው አይችልም፤ አይነሡም ማለት ግን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። እነርሱን ፈትቼ መረጃው የተጻፈባቸውን ክብ ሳሕኖች በመሰርሰሪያ እበሳቸዋለሁ። የላፕቶፕ ዲስክ ሳሕን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይፈነጣጠራል፤ የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። ማቃጠል ግን መርዘኛ ጭስ ስለሚያወጣ አልስማማበትም።

የሒሳብ ሹሟ፦

ማብራሪያው ግልጽ ስለሆነልኝ ጋሼም እንደሚስማሙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከገንዘብ አንጻር የሚያስፈልገን ፍላሾችና አንድ ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ነው። መብራት በመሐል ከጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው መደገም ስላለበት፣ ዩ.ፒ.ኤስ. ከአባላት መካከል ያለው እንዲያውሰን እንጠይቅ፤ መግዛት አያስፈልግም። ሌላው፣ በዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም ከፒያሳ አንድ አባል ሊሰጡን ያሰቡት ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች የተነሣውን ሰነድ የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ በውስጣቸው ሊኖራቸው ይችላልና አንቀጹ ኮምፒውተር ብቻ እንዳይል እለምናለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ከሁላችሁም ብዙ ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው ረቂቄ ሕጉንም አላነሣም ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌላ ሰው የግል ዳታ በእጁ የሚገኝ ሁሉ ዳታውን ካልተፈቀደለት ሰው እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ባይኖርም የደንበኞቻችን አደራ ይበቃን ነበር። አንቀጹን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ፦

«መረጃ የሚይዝ ማንኛውም መሣሪያ፣ ኮምፒውተርም ሆነ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ባለቤቱ የሚፈልገውን ፋይል ቀድቶ ካወጣና በማሽኑ ላይ ተከፍተው የቀሩትን የቴሌግራም፣ የኢሜይልና የመሳሰሉትን መለያዎች ከስልኩ ካስወጣ በኋላ ለማኅበሩ ያስረክባል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዜሮ ይጻፍበታል፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. አስቀድሞ በሙሉ ተመስጥሮ በራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጠፋል፤ የማይነሣ ዲስክ ተበስቶ ይወገዳል። ሥራውን ከፈጸመው ሰው ሌላ የሆነ አንድ አባል በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ፈትሾ ምንም አለመገኘቱን ያረጋግጣል፤ የዲስኩ መለያ ቁጥር፣ የጠፋበት መንገድ፣ ቀኑና የሁለቱ ፊርማ በመዝገብ ይሰፍራል። በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ መሣሪያ ለማንም አይሰጥም።»

ከአራት ኪሎ አባል፦

አሁን እስማማለሁ። የፍተሻውን ሥራ ለመሥራት ራሴ ፈቃደኛ ነኝ፤ ያንን ፕሮግራም በደንብ አውቀዋለሁ።

ከልደታ አካባቢ አባል፦

እኔም እስማማለሁ። ዩ.ፒ.ኤስ. አለኝ፤ አመጣዋለሁ።

የጥገና ሥራ የሚሠራው አባል፦

በአንድ ጊዜ አራት ማሽን ማስኬድ ስለምችል፣ መብራት ከቆየልን ሃርድ ዲስክ ያላቸውን 15ቱን በአንድ ቅዳሜ እንጨርሳለን። ላፕቶፖቹ ለእሑድ ይሁኑ። ስድስቱ ባለቤቶች ቻርጀራቸውን ይዛችሁ እንድትመጡ፣ በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ላይ የይለፍ ቃል ያደረጋችሁም አስቀድማችሁ እንድታነሡት በትሕትና አሳስባለሁ።